በመልእክት አድራሾች ጉዞ ላይ ጥቅልን ከመነሻውና ከመድረሻው ጋር ስለ ማያያዝ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



አንድ መልእክት አድራሽ ከቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት ሞተር ብስክሌቱን በመጋዘኑ ደጃፍ አቁሞ የስምሪት ወረቀቱን ለተቆጣጣሪው ያስረክባል። በወረቀቱ ላይ አሥራ አራት መቆሚያዎች በተርታ ተጽፈዋል፤ በአሥራ አራቱም አንጻር አድራሹ ስለ መድረሱ ምልክት ተደርጓል። የሄደበት ኪሎ ሜትር ተመዝግቧል፤ የደረሰበት ሰዓት ተሞልቷል፤ ፊርማም አልጎደለም። ሆኖም የዕቃው ሣጥን ሲከፈት ከሥሩ አንድ ጥቅል ይገኛል። ተቆጣጣሪው ወረቀቱን አይቶ ጥቅሉን ያያል፤ ጥቅሉን አይቶ ተመልሶ ወረቀቱን ያያል። እንደ ወረቀቱ ከሆነ የቀኑ ሥራ ተፈጽሟል፤ እንደ ሣጥኑ ከሆነ ግን አልተፈጸመም። ከዚህ በኋላ የሚከተለው በዚህ ሙያ ውስጥ ላለ ሰው እንግዳ አይደለም። አድራሹ ይጠራል፤ ቃሉን እንዲሰጥ ይታዘዛል፤ ላኪው ካሣ የጠየቀ እንደሆነም ከደመወዙ ይቀነስበታል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ የሚጠየቀው ሰውየው ነው እንጂ ወረቀቱን የሚጠይቀው የለም።

ወረቀቱ ቢጠየቅ ኖሮ መልሱ ቀላል በሆነ ነበር። ጥቅሉ ከዘጠነኛው መቆሚያ ተነሥቶ በአራተኛው መቆሚያ የሚወርድ ነበር። አድራሹ ወረቀቱን እንደ ተጻፈለት ተከትሎ አራተኛውን ካለፈ ከሁለት ሰዓት በኋላ ጥቅሉን ከዘጠነኛው ተረከበ። ወደ ኋላ እንዲመለስ የሚያዝዝ መስመር በወረቀቱ ላይ አልነበረም፤ ጥቅሉና አራተኛው መቆሚያ የሚገናኙ መሆናቸውን የሚያመለክት ነገርም አልነበረም። የስምሪት ክፍሉ መቆሚያዎቹን በየሰፈራቸው ሰብስቦ፣ ነዳጅ እንዳይባክን አስቦ፣ በመልካም ተርታ ደርድሯቸዋል። የዘነጋው ነገር ቢኖር እያንዳንዱ ጥቅል ሁለት መቆሚያዎችን በአንድ ቀንበር የሚጠምድ መሆኑን ነው።

ይህ ዝንጋታ ከስንፍና ብቻ የመጣ አይደለም፤ የታሪክ ሥር አለው። በኢትዮጵያ ዘመናዊው የፖስታ ሥራ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን በ1886 ዓ.ም. ሲቋቋምና አገሪቱም እ.ኤ.አ. በ1908 የዓለም አቀፉ የፖስታ ኅብረት አባል ስትሆን፣ የአገልግሎቱ ዋና ተግባር ደብዳቤን ከፖስታ ቤት ወደ ፖስታ ቤት ማድረስ ነበር። በመስመሩ ላይ ያለ ጣቢያ ለእርሱ የተላከውን ከረጢት ይቀበላል፤ የራሱን ከረጢት ያስረክባል። ከረጢቱ የታሸገ ስለሆነ በውስጡ ስላለው ስለ እያንዳንዱ ደብዳቤ በመንገድ ላይ የሚጨነቅ ሰው አልነበረም። ደብዳቤው ሲደርስም ተቀባዩ ቁልፉን ይዞ ወደ ፖስታ ሣጥኑ ራሱ ይመጣል። የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ባልተስፋፋባቸው ከተሞች የፖስታ ሣጥን ቁጥር የአድራሻን ቦታ ይዞ ለብዙ ዘመናት አገልግሏል፤ ዛሬም ያገለግላል። በእንዲህ ያለው አሠራር የጣቢያዎች ዝርዝር ብቻውን በቂ ነው።

ስለ ጉዞ መስመር በሒሳብ የተጻፈውም ቀደምት ጥናት እንዲሁ ከአንድ ማዕከል የሚነሣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ጆርጅ ዳንዚግና ጆን ራምሰር የተባሉ ሊቃውንት ባሳተሙት የታወቀ ጽሑፍ የመረመሩት ነዳጅ ጫኝ መኪናዎች ከአንድ ማከማቻ ተነሥተው ለብዙ ማደያዎች እንዴት በአጭር መንገድ ሊያዳርሱ እንደሚችሉ ነበር። ቤንዚን ስምና አድራሻ የለውም፤ ለአንደኛው ማደያ የታሰበው ለሁለተኛው ቢቀዳ የሚጎዳ ሰው የለም። ማደያዎቹ በየትኛውም ተርታ ቢጎበኙ ርዝመቱ ይለወጥ እንደሆነ እንጂ ሥራው አይበላሽም። የስምሪት ክፍሎችም ለረጅም ጊዜ የተማሩት ከዚህ ነው፤ ቦታዎቹን ዘርዝር፤ አጭሩን መንገድ ፈልግ።

የመልእክት አድራሽ ሥራ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ጨርቅ ሻጩ ለልብስ ሰፊው፣ የሕግ ጽሕፈት ቤቱ ለባንኩ፣ እናት ለልጇ የሚልኩት ጥቅል ከአንድ ማከማቻ አይነሣም፤ በመንገድ ላይ ካለ ከማንኛውም በር ተነሥቶ በመንገድ ላይ ወዳለ ወደ ማንኛውም በር ይሄዳል። ሦስት ጥቅሎች ያሉበትን ቀላል ጉዞ ለምሳሌ መውሰድ ይቻላል። ሦስት መነሻና ሦስት መድረሻ፣ በድምሩ ስድስት መቆሚያዎች ማለት ነው። ስድስት ቦታዎች ያለ አንዳች ግዴታ በ720 ዓይነት ተርታ ሊደረደሩ ይችላሉ። የእያንዳንዱ ጥቅል መነሻ ከመድረሻው መቅደም አለበት ሲባል ግን ከ720ው የሚተርፉት 90 ብቻ ናቸው። እንግዲህ ጥንዶቹን ሳያይ ተርታ የሚያወጣ ሰው ከስምንት አንድ ጊዜ ብቻ በዕድል ይቀናዋል። ጥቅሎቹ አሥር ሲሆኑ ዕድሉ ከ1,024 አንድ ይሆናል። እርግጥ ነው፣ ልምድ ያለው የስምሪት ሠራተኛ በጭፍን አይደረድርም፤ በራሱ ውስጥ የያዘው ካርታና የደንበኞቹ ጠባይ ብዙ ስሕተት ያስቀርለታል። ነገር ግን እርሱ የታመመ ወይም ፈቃድ የወጣ ዕለት የሚተካው ሰው የሚያገኘው ወረቀቱን ብቻ ነው።

አሥር ጥቅሎች በትክክል ሊደረደሩ የሚችሉበት መንገድ 2,375,880,867,360,000 ነው። ይህን ያህል ተርታ አንድ በአንድ እየመረመረ የተሻለውን የሚመርጥ ሰው የለም፤ ለመቁጠሪያ መሣሪያም ቢሆን አድካሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የነበረው ሃሪላዎስ ፕሳራፍቲስ በስልክ ጠርተው በአንድ መኪና ስለሚሳፈሩ መንገደኞች ባሳተመው ጥናት ነገሩን ከሌላ ማዕዘን ተመለከተው። እርሱ የጠየቀው እስከ አሁን የተኬደበት ተርታ ምን እንደሚመስል ሳይሆን እያንዳንዱ ደንበኛ በዚህች ሰዓት በምን ሁኔታ ላይ እንደሚገኝ ነው። ሁኔታውም ከሦስት አንዱ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ገና አልተነሣም፤ በመኪናው ላይ ነው፤ ወይም ወርዷል። ለአሥር ደንበኞች እንዲህ ያለው የሁኔታ ብዛት 59,049 ነው። መኪናው የቆመበት ቦታ ሲታከልበት ቁጥሩ ይጨምራል፤ ቢሆንም ከላይ ከተጠቀሰው ጋር የሚወዳደር አይደለም። ዘዴው ለጥቂት ደንበኞች እንጂ ለትልቅ ከተማ የቀን ሥራ እንደማይበቃ ራሱ ስሌቱ ያሳያል፤ አንድ ደንበኛ በተጨመረ ቁጥር የሁኔታዎቹ ብዛት በሦስት ይባዛልና።

ለዚህ ስብሰባ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ስሌቱ ሳይሆን አስተያየቱ ነው። ሰው ሲሳፈር ከየት እንደ ተነሣና ወዴት እንደሚሄድ በአፉ ይናገራል፤ መውረጃው ካለፈም ይጮኻል። ጥቅል አይጮኽም። ስለዚህ ያልተነሣ፣ የተጫነ፣ የወረደ የሚሉት ሦስት ዓምዶች በወረቀት ላይ ሊጻፉለት ይገባል። አድራሹ በማንኛውም ሰዓት ቢጠየቅ እያንዳንዱን ጥቅል ከሦስቱ በአንዱ ዓምድ ማግኘት ከቻለ ጉዞው በእጁ ነው። በአንጻሩ «ዘጠኝ ቦታ ደርሻለሁ፤ አምስት ይቀረኛል» የሚል መልስ ስለ ጥቅሎቹ ምንም አይናገርም።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ስለሚሠራ አንድ ስሕተት መናገር ያስፈልጋል። በካርታ ላይ የተሣለ የጉዞ መስመር ራሱን በራሱ አቋርጦ ከተገኘ መንገዱ ሊያጥር እንደሚችል የታወቀ ነው። መስቀለኛውን ለመፍታት በመካከሉ ያሉት መቆሚያዎች ተርታ ይገለበጣል። ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1958 ክሮዝ የተባለ ተመራማሪ በጽሑፍ አውጥቶታል፤ በእርሳስና በማጥፊያ ብቻ ሊሠራ ስለሚችልም በብዙዎች ዘንድ ተወዷል። ከአንድ ማከማቻ ለሚነሣ ጭነት መልካም ነው። ለተጠመዱ መቆሚያዎች ግን አደገኛ ነው፤ ምክንያቱም ከተገለበጠው ክፍል ውስጥ የአንድ ጥቅል መነሻና መድረሻ አብረው ካሉ መድረሻው ከመነሻው ይቀድማል። በካርታው ላይ መስመሩ አምሮ፣ ኪሎ ሜትሩም ቀንሶ ይታያል። አድራሹ ግን ያልተረከበውን ጥቅል ሊያስረክብ የሰው በር ያንኳኳል። በመግቢያው ላይ የተነገረው የአሥራ አራቱ መቆሚያዎች ወረቀትም ከዚህ የተለየ ጉድለት አልነበረበትም።

ስለ አጫጫንም ጥቂት ማለት ይገባል። ከማከማቻ የሚነሣ መኪና ጭነቱ የሚበዛው በመነሻው ላይ ነው፤ ከዚያ እየቀለለ ይሄዳል። ስለዚህ ጠዋት በበሩ ላይ መመዘኑ ይበቃል። እያነሣ እያወረደ የሚሄድ ግን ባዶውን ወጥቶ በመንገዱ አጋማሽ ላይ ከአቅሙ በላይ ሊሞላ ይችላል። ሰባተኛው ደንበኛ ጋ ሲደርስ «ቦታ የለም» ማለት ግድ የሚሆንበት ምክንያት ይኸው ነው። በተጨማሪም የሞተር ብስክሌት ሣጥን አፉ አንድ ነው፤ መጨረሻ የገባው ከላይ ይሆናል፤ መጀመሪያ የሚወጣውም እርሱ ነው። ከላይ በተጠቀሱት 90 ተርታዎች ውስጥ ከሥር ያለውን ለማውጣት ከላይ ያለውን ማንሣት የማያስፈልግባቸው 30 ብቻ ናቸው። በስልሳዎቹ ላይ አድራሹ በዝናብ መካከል የሰውን ዕቃ አስፋልት ላይ ዘርግቶ ይፈልጋል። በቅሎና አህያ ጭኖ ገበያ የወጣ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ የስምሪት ክፍል ወንበር ላይ ሲቀመጡ ግን የሚረሳ ይመስላል።

የጥንዶች ነገር ከንግድ ዕቃ ይልቅ የሚከብድበት ሌላ ሥራ አለ። በ2000ዎቹ ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፖስታ አገልግሎት የላቦራቶሪ ናሙናዎችን ከጤና ተቋማት ተረክቦ ወደ መመርመሪያ ማዕከላት በማድረስ ተግባር ላይ ተሰልፏል። ቀድሞ አንድ ጤና ጣቢያ አክታ ወይም ደም ለምርመራ ለመላክ የራሱን ሠራተኛ ከሥራው አስነሥቶ ወይም በሽተኛውን ራሱን አሳፍሮ ይልክ ነበር። ፖስታው አስቀድሞ በየከተማው የሚደርስበት መስመር ስለ ነበረው ናሙናውን ከደብዳቤው ጋር ማጓጓዝ ተገቢ ሆኖ ተገኘ። ይህ አሠራር ለብዙ ሕሙማን እፎይታን እንደ ሰጠ የሚካድ አይደለም። ሥራው ግን ከደብዳቤ ሥራ በአንድ ነገር ይለያል፤ ናሙናው ወደ ላይ ይሄዳል፤ ውጤቱ ደግሞ ወደ ታች ይመለሳል። በአንድ መስመር ላይ በሁለት አቅጣጫ የሚሄዱ፣ እርስ በርሳቸውም የተያያዙ ጥቅሎች አሉ ማለት ነው።

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ በአንድ መንገድ ላይ በተከታታይ የሚገኙ ሀ፣ ለ እና ሐ የሚባሉ ሦስት ጤና ጣቢያዎችን፣ በመንገዱም ጫፍ ላይ አንድ ላቦራቶሪ በሐሳብ ማስቀመጥ ይበቃል። አድራሹ የሚያድረው ከሐ ባሻገር ባለች ከተማ ነው። ጠዋት ተነሥቶ ሐን፣ ለን፣ ሀን እያለፈ ወደ ላቦራቶሪው ይወጣል፤ ከሰዓት በኋላ በዚያው መንገድ ይመለሳል። ጠዋት ሲያልፍ ከሦስቱም ጤና ጣቢያዎች ናሙና ይረከባል። ላቦራቶሪው ላይ ናሙናዎቹን አስረክቦ የቀደሙትን ናሙናዎች ውጤት ይቀበላል። ሲመለስም ውጤቱን ለሀ፣ ለለ፣ ለሐ ያድላል። እንግዲህ እያንዳንዱ ጤና ጣቢያ በቀን ሁለት ጊዜ መቆሚያ ይሆናል፤ ጠዋት መነሻ ነው፤ ከሰዓት መድረሻ ነው። ቦታው አንድ ነው፤ መቆሚያው ግን ሁለት ነው።

ይህን ያላጤነ የስምሪት ወረቀት «ለ» የሚለውን አንድ ጊዜ ብቻ ይጽፋል። አድራሹ ጠዋት ናሙናውን ሲረከብ ምልክት ያደርጋል። ከሰዓት ሲመለስ በ«ለ» አንጻር ያለው ክፍት ቦታ ተሞልቷል፤ ወረቀቱ እንደሚለው እዚያ የቀረ ሥራ የለም። ዝናብ ከጣለ፣ ከመሸ፣ ወይም አዲስ አድራሽ ከሆነ ሳይቆም ያልፋል፤ ውጤቱም በቦርሳው ውስጥ ከተማው ድረስ አብሮት ይወርዳል። ወጪ ለመቀነስ የሚፈልግ ኃላፊ ደግሞ ሌላ ሐሳብ ሊያመጣ ይችላል፤ «አንድ ቦታ በቀን ሁለት ጊዜ ማቆም ለምን ያስፈልጋል? አንድ ጊዜ ቆሞ ይስጥም ይቀበልም» ይላል። ሲሰሙት የሚያስማማ ነገር ነው። ነገር ግን ጠዋት ብቻ ቢቆም ናሙናው በዕለቱ ላቦራቶሪ ይደርሳል፤ ከሰዓት የተቀበለው ውጤት ግን በከተማው አድሮ በማግሥቱ ይሰጣል። ከሰዓት ብቻ ቢቆም ውጤቱ በዕለቱ ይሰጣል፤ የተረከበው ናሙና ግን ከአድራሹ ጋር ወደ ከተማው ወርዶ ያድራል። ለሁለት ቀን እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር ቢለኩ የተቆጠበው ነገር እጅግ ጥቂት ነው፤ መኪናው በዚያ በር ፊት ማለፉ አልቀረምና።

በናሙናው ወይም በውጤቱ አንድ ሌሊት ማደር የሚጎዳው ማንን ነው? በወረቀት ላይ ደርቆ የተላከ የደም ጠብታ ሙቀትን ይታገሣል። በቱቦ ያለ ደም ግን በተወሰነለት ሰዓት ውስጥ ፕላዝማው ካልተለየ ለአንዳንድ ምርመራ አይሆንም፤ ላቦራቶሪው ይመልሰዋል፤ በሽተኛውም ከገጠር ተመልሶ ክንዱን እንደገና ይዘረጋል። የሳንባ ነቀርሳ የተጠረጠረበት ሰው ደግሞ ውጤቱ በአድራሹ ቦርሳ ባደረ ቁጥር መድኃኒት ሳይጀምር ያድራል፤ ከልጆቹ ጋር በአንድ ጣራ ሥር እያሳለ ያድራል። በስምሪት ወረቀት ላይ ያልተጻፈች አንዲት «ለ» ዋጋዋ ይህን ያህል ነው።

ከዚህም ሌላ ናሙና ብቻውን አይሄድም። ከቱቦው ጋር የምርመራ መጠየቂያ ወረቀት አለ፤ የሁለቱ ቁጥር ካልተመሳሰለ ናሙናው ስም የለሽ ይሆናል። ውጤቱም በዚያው ቁጥር ካልተመለሰ ጤና ጣቢያው ለማን እንደሚሰጠው አያውቅም። ስለዚህ ቱቦው፣ ወረቀቱና ውጤቱ በአንድ ቁጥር የተያያዙ ሦስት ጥቅሎች ናቸው። ሁለቱ አብረው ይጫናሉ፣ አብረው ይወርዳሉ፤ ሦስተኛው የሚነሣው ሁለቱ ከወረዱበት ነው፤ የሚወርደውም ሁለቱ ከተነሡበት ነው። አንድን ናሙና «ደርሷል» ብሎ ከመዝገብ ማውጣት የሚገባው ላቦራቶሪው በፈረመ ጊዜ ሳይሆን ውጤቱ ከተነሣበት ጤና ጣቢያ በተመለሰ ጊዜ ነው። ብዙ የርክክብ መዛግብት ግን በላቦራቶሪው ፊርማ ላይ ያቆማሉ።

እስከ አሁን የተነገረው አንድ አድራሽ ጥቅሉን ከመነሻው አንሥቶ መድረሻው የሚያደርስበት ጉዞ ነው። ጥቅሉ በመንገድ ላይ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ አንዱ ጥንድ ሁለት ይሆናል። እ.ኤ.አ. አፕሪል 17 ቀን 1973 ሌሊት ፌዴራል ኤክስፕረስ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት 14 አነስተኛ አውሮፕላኖችን አሰማርቶ 186 ጥቅሎችን ለ25 ከተሞች አደረሰ። ጥቅሎቹ ሁሉ በሜምፊስ ከተማ ተሰብስበው፣ ተለይተው፣ እንደገና ተሠራጩ። ሃያ አምስት ከተሞችን ሁለት ሁለቱን በቀጥታ ለማገናኘት 300 መስመር ያስፈልግ ነበር፤ በአንድ ማዕከል ሲገናኙ ግን ሃያ አምስት መስመር ይበቃል። ቁጠባው ታላቅ ነው። ዋጋው ደግሞ ማዕከሉ ለእያንዳንዱ ጥቅል በአንድ ጊዜ መድረሻም መነሻም መሆኑ ነው፤ የሚመጣው አውሮፕላን ከዘገየ የሚሄደው ወይ ይጠብቃል ወይ ጥቅሉን ጥሎ ይነሣል።

ይህን የእጅ ለእጅ ቅብብል ያለ አውሮፕላንና ያለ መቁጠሪያ መሣሪያ የሚሠሩ ሰዎች በሕንድ አገር በሙምባይ ከተማ ይገኛሉ። ዳባዋላ ይባላሉ። ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1890 እንደ ተጀመረ ይነገራል፤ ማኅበራቸውም እ.ኤ.አ. በ1956 በሕግ ተመዝግቧል። ጠዋት ከየቤቱ ምሳ የያዘ ሣጥን ሰብስበው በብስክሌት ወደ ባቡር ጣቢያ ያደርሳሉ፤ እዚያ በየአቅጣጫው ይለያል፤ በባቡር ተጭኖ በሌላ ጣቢያ ይወርዳል፤ ሌላው ተቀብሎ ባለቤቱ ከሚሠራበት ፎቅ ያደርሰዋል። ከምሳ በኋላ ባዶው ሣጥን በመጣበት መንገድ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሥራቸውን ከማናጋቱ በፊት ወደ 5,000 የሚሆኑ ሰዎች በቀን ወደ 200,000 ሣጥኖች ያመላልሱ ነበር።

ስለ ዳባዋላዎች ሲነገር ጉብዝናቸው ይደነቃል፤ ስለ ክዳኑ ግን ብዙ አይነገርም። በሣጥኑ ክዳን ላይ በቀለም የተጻፉት ጥቂት ፊደላትና ቁጥሮች ሙሉ አድራሻ አይደሉም። የሚያመለክቱት ሣጥኑ ከየትኛው ሰፈርና ጣቢያ እንደ ተነሣ፣ በየትኛው ጣቢያ እንደሚወርድ፣ ከዚያ ማን እንደሚረከበው፣ በየትኛው ሕንፃ በስንተኛው ፎቅ እንደሚሰጥ ነው። በሌላ አነጋገር በክዳኑ ላይ የተጻፈው ጥንዱ ነው። መነሻውም ስለ ተጻፈ ከሰዓት በኋላ ሣጥኑን ለመመለስ ሌላ ወረቀት አያስፈልግም። እያንዳንዱ ተቀባይ የሚያነበው የራሱን ድርሻ ብቻ ነው፤ ሆኖም ከየት ወደ የት የሚለው ነገር ከሣጥኑ ተለይቶ አያውቅም።

ዓለም አቀፉ የፖስታ ሥራ ይህንኑ ነገር በቁጥር ይፈጽመዋል። ከአገር ወደ አገር በሚላክ የተመዘገበ ጥቅል ላይ የሚለጠፈው መለያ አሥራ ሦስት ምልክቶች አሉት፤ በመጀመሪያ የአገልግሎቱን ዓይነት የሚያመለክቱ ሁለት የላቲን ፊደላት፣ ቀጥሎ ስምንት አሃዝ፣ ከዚያ አንድ የማረጋገጫ አሃዝ፣ በመጨረሻም የላኪውን አገር የሚያሳዩ ሁለት ፊደላት። የማረጋገጫው አሃዝ እንዲያው የተጨመረ አይደለም። ስምንቱ አሃዞች በተርታ በ8፣ በ6፣ በ4፣ በ2፣ በ3፣ በ5፣ በ9 እና በ7 ይባዛሉ፤ ድምሩ ለ11 ተካፍሎ ቀሪው ከ11 ላይ ይቀነሳል። ለ12345678 ድምሩ 204፣ ቀሪው 6፣ የማረጋገጫው አሃዝም 5 ይሆናል። ጸሐፊው ቸኩሎ የመጀመሪያዎቹን ሁለት አሃዞች ቢያቀያይር 21345678 ሲሰላ 3 ይመጣል እንጂ 5 አይመጣም፤ ስሕተቱ በዚያው ይጋለጣል። ውጤቱ 10 ከሆነ 0፣ 11 ከሆነ 5 ይጻፋል። ጥንዱን የሚያስታውሰው ወረቀት ጥቅሉን የሚጠራው በቁጥሩ ስለሆነ፣ ቁጥሩ ከተበላሸ ጥንዱም ይፈታል። በአገር ውስጥ ያሉ አነስተኛ የማድረስ ድርጅቶች ለየጥቅሉ የሚሰጡት ተራ ቁጥር ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ ማረጋገጫ የለውም፤ ለመጨመር ግን አንድ የማባዣ ሠንጠረዥ ይበቃል።

እንግዲህ የስምሪት ወረቀት ምን ይያዝ? ከሁሉ በፊት መስመሮቹ የቦታ ሳይሆን የጥቅል መሆን አለባቸው፤ ለእያንዳንዱ ጥቅል መነሻው፣ መድረሻውና ከሦስቱ ሁኔታዎች የትኛው ላይ እንዳለ በአንድ መስመር ይጻፋል። ጉዞውን የሚመራው ተርታ ከዚህ የሚወጣ ሁለተኛ ገጽ ነው፤ በዚያም ገጽ ላይ በእያንዳንዱ መቆሚያ አንጻር የሚሰጠውና የሚወሰደው ለየብቻቸው ይጻፋሉ። ቦታው በቀን ሁለት ጊዜ ከተጎበኘ ሁለት ጊዜ ይጻፋል። ይህ ለስምሪት ሠራተኛው የግማሽ ሰዓት ተጨማሪ ሥራ ነው፤ እውነት ነው። በስልክና በመቁጠሪያ መሣሪያ የሚሠሩ ድርጅቶችም ከዚህ ግዴታ ነፃ አይደሉም፤ በመሣሪያው ውስጥ የተከማቸው የቦታ ዝርዝር ብቻ ከሆነ ስሕተቱ በፍጥነት ይሠራል እንጂ አይቀርም።

ጥቅሙ የሚታየው ነገር ሲበላሽ ነው። ላኪው በሩን ዘግቶ ከተገኘ ጥቅሉ አልተነሣም፤ ስለዚህ መድረሻው ዘንድ መሄድ አያስፈልግም፤ ወደዚያው በር የሚሄድ ሌላ ጥቅል ካለ ግን መሄድ ያስፈልጋል። የቦታ ዝርዝር ይህን ሊለይ አይችልም፤ የጥንድ ዝርዝር ግን በአንድ እይታ ይለያል። ተቀባዩ ከጠፋ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል፤ ጥቅሉ ተጭኗል፤ የሚወርድበት የለም። «ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ሰማያዊ በር» ተብሎ በተላከበት ከተማ ደግሞ ተቀባይ መጥፋቱ የየዕለት ነገር ነው። አድራሹ ስልክ ይደውላል፤ ጎረቤት ይጠይቃል፤ አንዳንዴም በገዛ ፈቃዱ ለሱቅ ባለቤት አደራ ይሰጣል። አደራ መቀበል በኢትዮጵያውያን ዘንድ ክቡር ነገር ነው፤ በወረቀት ላይ ካልሰፈረ ግን ጥቅሉ ከሦስቱ ዓምዶች በአንዱም አይገኝም። ሱቁ አዲስ መቆሚያ ሆኗልና በስሙ መጻፍ አለበት፤ ከሱቁ እስከ እውነተኛው ተቀባይ ያለውም ሁለተኛ ጥንድ ሳይዘጋ መቆየት አለበት።

ማታ በሣጥኑ ሥር ለተገኘው ለዚያ ጥቅልም ማድረግ የሚገባው ይኸው ነው። ብዙ ጊዜ የሚደረገው ወረቀቱ ላይ «አልደረሰም» ተብሎ ተጽፎ በማግሥቱ የዚያው ጥቅል መስመር እንደ ነበረ፣ ከዘጠነኛው መቆሚያ ወደ አራተኛው እንደ ተባለ፣ ለሌላ አድራሽ መስጠት ነው። አድራሹም ማልዶ ዘጠነኛው ደንበኛ ዘንድ ይደርሳል፤ ደንበኛው «ትናንት አስረክቤያለሁ» ይለዋል፤ ጥቅሉ ግን በመጋዘኑ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ጥቅሉ አንድ ሌሊት በመጋዘን ካደረ መነሻው ተለውጧል። በአዲሱ ወረቀት ላይ በመነሻ ዓምድ የሚጻፈው መጋዘኑ ነው፤ የሚፈርመውም ሌሊቱን የተረከበው ዘበኛ ወይም የመጋዘን ሠራተኛ ነው፤ አራተኛው መቆሚያም በዚያ ቀን ተርታ ከሁሉ አስቀድሞ ይጻፋል።